የሦስት ወር ማስረጃ

መብራት በጠፋ ቁጥር ፍሪጅ ውስጥ ያለው ዓሣ እየተበላሸባት፣ ዓሣ ነጋዴዋ የመብራት ኃይል ቅሬታ ሰሚው ዘንድ ጫማዋ እስኪያልቅ ተመላለሰች። ሰውየው ግን «እትዬ፣ ማስረጃ አለዎት?» ከማለት አልፎ አያውቅም።

በመጨረሻ ኤሌክትሪኩን በየደቂቃው እየለካ የሚመዘግብ ዕቃ ገዝታ ከፍሪጁ ጎን ሰካችው። ሦስት ወር ሙሉ እንደ ዓይኗ ብሌን ጠበቀችው። በነዚያ ወራት ስንት ዓሣ እንደጣለች የሚያውቁት እሷና የሰፈሩ ድመቶች ናቸው።

ዛሬ ዕቃው የመዘገበውን የያዘውን ፍላሽ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና፣ «ይኸውልዎት፤ ደቂቃ ሳይቀር ተጽፏል» አለችው።

ቅሬታ ሰሚው ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተውና ኃይል የጠፋበትን ደቂቃ ሁሉ እንዲያወጣ አዘዘው። ምንም አልወጣም። ከሁለት መቶ ቮልት በታች የወረደበትንም ጠየቀው። ምንም።

«አንድም ጊዜ አልጠፋም» አላት።

«እንዴት ተደርጎ! ትናንት እንኳ ቀኑን ሙሉ አልነበረም!»

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። «ለመሆኑ ይሄ ዕቃ በምንድነው የሚሠራው?»

«በመብራት ነዋ!»

ከዚያ ፍላሹን በሁለት እጁ መለሰላት።

«እትዬ፣ ኮፒውን ለበላዮቼ ብልከው ቅር ይልዎታል?»