ሰርጉ የቀረበት ቬሎ

ሙሽራዋ መስታወቱ ፊት ትንፋሿን ይዛ ቆመች። ታላቅ እህቷ ከኋላዋ ሆና የቬሎውን ቁልፎች እየቆለፈችላት ነበር። «ሆድሽን ሳብ አድርጊ እንጂ! ላንቺ ብሎ አይለጠጥም።»

ባለሱቋ ከወረርሽኙ ወዲህ አዲስ ማሰፋት ትታ፣ ያሉትን እያስተካከለች ነበር የምትሸጠው። «ጨርቅ ማባከን ይብቃ ብለን ነው» አለች። «ይሄ ደግሞ አንዴም አልተለበሰም። ሁሉ ነገር ዝግ በነበረበት ጊዜ ያዘዘችኝን ልጅ በስልክ ቪዲዮ ለካኋት። ከአንገት በታች ብቻ ነው ያየኋት። ሰፍተን ላክንላት፤ ሰርጉ ሲቀር መለሰችው። ቆይ፣ ወገቡ ላይ ስውር መንጠቆ አለው። ማንም ስለማያገኘው እኔ ላሳይሽ።»

እህትየዋ ግን ጣቷን ከገበሩ ስር አስገብታ፣ ሳትዳብስ ሳትፈልግ፣ መንጠቆውን ቆልፋው ነበር።

ሙሽራዋ በመስታወቱ ውስጥ አፈጠጠችባት። «እታለም፣ ያንቺ ሰርግ ሲሰረዝ ገና ቬሎ አላሰፋሁም አላልሽንም?»

«ስትቀመጪ ጎንሽን ይይዝሻል» አለች እህቷ። «ቀና ብለሽ ተቀመጪ።»

ታውልቀው ወይስ ትውሰደው? ሙሽራዋ ግራ ገባት። እጇን ወደ ጀርባዋ ስትልክ የእህቷን ጣቶች አገኘች። መንጠቆውን ጭብጥ አድርገው ይዘውት ነበር፤ አልለቀቁትም።