መንገድ የዘጋው አንበሳ

ይህ ወሬ ጠብታ ውሸት ካለበት ምላሴን ይቁረጠው፤ መኪናው ውስጥ ከነበሩት ሰዎች አፍ ነው የሰማሁት።

ሹፌሯ ድሮ የምትነዳው ታክሲ ነበር። ፓርክ ውስጥ ቱሪስት ልታዞር ስትቀጠር አለቃዋ ጋሽ ወንድይራድ፣ “ሴት ዱር ውስጥ ስትነዳ አይቼ አላውቅም። ዛሬ አንበሳ ሳታሳዪን ከተመለስን ወደ ታክሲሽ!” አሏትና ከእንግዶቹ ጋር ከኋላ ተቀመጡ።

ቀኑን ሙሉ ሲዞሩ ከከርከሮና ከሰጎን በቀር ምንም አልተገኘም። ተስፋ ቆርጠው ወደ መውጫው ሲመለሱ ግን ጎፈሩ የተንዠረገገ አንበሳ ጠባቡን መንገድ ዘግቶ ተጋድሟል። እንግዶቹ ፎቶ አንስተው ጠገቡ። አንበሳው ንቅንቅ አላለም።

“ወደ ኋላ መልሺው!” አሉ ጋሽ ወንድይራድ ወንበር ሥር ገብተው።

“የፓርኩ በር ሊዘጋ ነው ጋሼ። እዚህ ልናድር ነው? ወርጄ ላስነሳው።”

“እናድራለን! ከወረድሽ ተባረሻል!”

በሩን በርግዳ ወረደች። ታክሲ ስትነዳ መንገድ የሚዘጋባትን ጋሪ እንደምትሰድብ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ “አያ አንበሶ! መንገዱ የአባትህ ነው? ተነስ!” አለችው። አንበሳው አዛጋ፤ ተነሳና ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ።

ተመልሳ ቁልፉን ለአለቃዋ ዘረጋችላቸው። “ተባረሻል ብለውኝ የለ? እንግዲያው እርስዎ ይንዱ።”

“ኧረ ንጂ ልጄ! ነገም በጊዜ ነይ።”

አንዲት ነገር ብቻ ቀይሬያለሁ። አንበሳው በራሱ አልተነሳም፤ ጅራቱን ይዛ ጎትታ ነው ከመንገዱ ያወጣችው። ግን እንደዚያ ብዬ ባወራ ማን ያምነኛል?