የተደፈነው ስንዝር

ለንሳ ቁምሳጥኑን ገፋ አድርጋ ባትሪዋን ከጀርባው ስታበራ፣ ባለፈው ሳምንት ከምስጡ ቱቦ ላይ የሰበረችው ስንዝር ተደፍኖ ጠበቃት። ጭቃው ገና እርጥብ ነው። «ያ ዋቃዮ» ብላ በልቧ አምላኳን ጠራች።

ምስጥ ከመሬት ወደ ጣሪያ የሚወጣው ራሱ በሚሠራው ቀጭን የአፈር ቱቦ ውስጥ ነው። ቱቦውን ስንዝር ያህል ሰብሮ መተው ነው እንግዲህ ፈተናው። ምስጡ በሕይወት ካለ በጥቂት ቀን ይጠግነዋል፤ ከሞተ እንደተሰበረ ይቀራል። ለንሳ በቤቱ ዙሪያ የምስጥ መድኃኒት ካጠጣች አርባ ቀን አልፎታል። አዲስ አበባ ለአንድ ድርጅት አራት ዓመት መርጫ ተሸክማለች፤ በራሷ ስም ስትሠራ ግን ይሄ የመጀመሪያ ቤቷ ነው። አምቦ ደግሞ ወሬ አያሳድርም። እዚህ ከተዋረደች ከጊንጪ እስከ ጎጆ ከተማ የሚደውልላት አይኖርም።

«ሞቷል ብለሽኝ ነበር» አለ ከኋላዋ የቆመው አብዱልወሀብ። የቀጠራት እሱ ነው፤ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ከእሷ በፊት ሦስት ቆፋሪዎች ጓሮውን አርሰው «የምስጡን ንግሥት አወጣንልህ» ብለውት ሄደዋል፤ በወሩ ምስጡ አንድ ጥቅል አቡጀዲ ጨርሶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ሰው ማመን አቁሟል። «እሁድ የእህቴ የአፍናን ኒካህ ነው። ግማሽ አምቦ እዚህ ክፍል ነው የሚቀመጠው። ጣሪያው ሰው ላይ ቢወርድስ?»

ለንሳ «አንዴ፣ ጋሼ» ብላ ጓንቷን አወለቀችና ጭቃውን በጣቷ ዳበሰችው። አንድ ነገር ወጋት። ነቅላ ወደ ባትሪው ብርሃን አስጠጋችው። የጤፍ ጭድ ነው። ምስጥ የፈለገ ባለሙያ ቢሆን ጭቃውን በጭድ አያቦካም።

ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ጋሼ፣ ይሄን ማን ነው የመረገው?»

አብዱልወሀብ ግራ ገባው። መልሱ ከበር መጣ።

«እኔ ነኝ። ምነው?» እናቱ ሹኩሪያ የውጩን ግድግዳ ለኒካሁ ሲመርጉ ቆይተው እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ነው። «ግድግዳዬን ቦርቡራ የሄደችው አንቺ ነሽ? ቤቴ ቀዳዳ ይዞ አማች አይቀበልም። ጠዋት ደፈንኩት።»

«አዴ ሹኩሪያ፣ እንዲታይ ብዬ ነበር የተውኩት።»

«ምኑ ነው የሚታየው? ቀዳዳ?»

ለንሳ «እንዳትነኩት» ብላ የነገረችው ለልጃቸው ብቻ ነበር። የቤቱ አዛዥ ማን እንደሆነ ሳታጣራ መሄዷ የራሷ ጥፋት ነው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልሰብረው ነው» አለች። ሹኩሪያ ፊታቸውን አዞሩ፤ ግን አልከለከሏትም።

እርጥቡን ጭቃ በመፍቻዋ ጫፍ ቀስ ብላ ላጠችው። ከሥሩ የቱቦው ሁለት ጫፎች ልክ እሷ እንደሰበረቻቸው አፋቸውን ከፍተዋል። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥታ ቱቦውን እስከ ጣሪያው ድረስ ከፈተችው። ደረቅ አፈር ትከሻዋ ላይ ረገፈ። አንድ ምስጥ የለም። ምሰሶውን በመፍቻው እጀታ አንኳኳችው፤ ድፍን ድምፅ ሰጣት፤ ውስጡ አልተበላም።

ሹኩሪያ ባትሪውን ከእጇ ተቀበሉ። ዓይናቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ከታች እስከ ላይ መረመሩ፤ ጣታቸውን ከተው ጎረጎሩ፤ የወጣውን አቧራ መዳፋቸው ላይ በትነው አዩ።

«አንድም የለም» አሉ በመጨረሻ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ አብዱልወሀብ። ለንሳ ኮራች። አራት ዓመት ስትሠራ ምስጋናው ሁሌ ለድርጅቱ ነበር፤ የዛሬው ግን የእሷ ነው።

«አዴ፣ አሁን ይምረጉት» አለች መፍቻዋን እየጠረገች። አብዱልወሀብም ቁምሳጥኑን ወደ ቦታው ሊመልስ ትከሻውን ሰጠ።

«ተወው» አሉ ሹኩሪያ። «ወደዚያ ማዶ አድርገው።»

«እማ፣ ቀዳዳው ሊታይ?»

«ይታይ። ሰው ሲጠይቀኝ የምነግረው አለኝ።» ወደ ለንሳ ዞሩ። «ስምሽ ማን ነበር? ከነአባትሽ ንገሪኝ።»

«ለንሳ ኦሊቃ» አለች፣ ለአንዲት ክፍል ከሚበቃው በላይ ጮክ ብላ።