ክኒን ያልታዘዘለት ሰው

ነገር ሁሉ የተበላሸው፣ የጭንቀት ማስታገሻ ክኒን፣ የፈራው ነገር በእርግጥ ለደረሰበት ሰው ብቻ ይታዘዝ ተብሎ የተደነገገ ዕለት ነው። ኮምፒውተሩ አጣርቶ ይወስናል፤ ሐኪሙ ይፈርማል፤ የተገኘውን መናገር ግን ክልክል ነው። ሰዉ የሕጉን ምሥጢር ለማወቅ አንድ ወር አልፈጀበትም። ክኒን መከልከል የምሥራች፣ ክኒን ማግኘት መርዶ ሆነ።

ዛሬ ጠዋት አንድ ጎልማሳ ከዶክተር ፌቨን ክፍል «ከለከለችኝ! ከለከለችኝ!» እያለ፣ ወረፋ የያዘውን ሁሉ እየሳመ ወጣ። ቀጥለው እማማ ወለላ ገቡ። ልጃቸው ምንተስኖት በጀልባ ባሕር ሊሻገር ከወጣ ሃያ ሁለት ቀኑ ነው፤ ስልኩ አይሠራም።

«እኔ እኮ ደህና ነኝ» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «እንቅልፌንም እተኛለሁ። ጎረቤት ነው ሂጂ ሂጂ ብሎ ያስቸገረኝ። ለእንደኔ ያለች አሮጊት ክኒን አታባክኚ፣ የኔ ልጅ።»

ዶክተር ፌቨን «አይታዘዝም» የሚለውን ተጫነች። ኮምፒውተሩ አልተቀበላትም። ደግማ ተጫነች። አጠገቧ ያለው ፕሪንተር ወረቀቱን ማውጣት ጀመረ።

«እማማ፣ ማሽን እኮ ይሳሳታል።»

«እስከ ዛሬ በማን ተሳስቶ ያውቃል?»

ፌቨን ወረቀቱን ፈርማ ዘረጋችላቸው። «በቀን አንድ፣ ከምግብ በኋላ» አለች።

እማማ ወለላ ወረቀቱን አልነኩትም። ብድግ ብለው ነጠላቸውን አወረዱና ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ለበሱት። በሩን ሲከፍቱ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሣ። ወጡና ቀስ አድርገው ከኋላቸው ዘጉት።