የማሽኑ ዓይን

የብረታ ብረት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ድንበሩ አዲሱን አውቶማቲክ የብየዳ ማሽን ለማስመረቅ ጉድ ጉድ ሲሉ ሰነበቱ። ማሽኑ ብረቱን በካሜራው መርምሮ እሳቱን ራሱ ይመጥናል፤ የማይረባ ብረት ከገጠመው ደግሞ መብራት እንዳያባክን ቀጥ ይላል።

የክብር እንግዳው ስለ ጥራት ረዘም ያለ ንግግር አድርገው ቁልፉን ተጫኑ። ማሽኑ ለአንድ ትምህርት ቤት የውሃ ታንከር ማቆሚያ የተዘጋጀውን ቱቦላሬ ብረት ቃኘና ጸጥ አለ። ደግመው ቢጫኑትም እምቢ አለ።

“ምን ሆነ?” አሉ እንግዳው።

አቶ ድንበሩ ወደ እንግዳው ጠጋ አሉ። “ብረቱ ስስ ነው ብሎ ነው፣ ክቡርነትዎ።”

“ታንከሩ ልጆች ላይ ይውደቅ እንዴ? እንዲህ ያለ ቆሻሻ ያቀረበላችሁ ማነው? ዛሬውኑ ይከሰስ!”

አቶ ድንበሩ ቱቦላሬውን ገልበጥ አድርገው ላዩ ላይ የታተመውን የአቅራቢውን ስም አሳዩአቸው። እንግዳው መነጽራቸውን አድርገው የገዛ ድርጅታቸውን ስም አነበቡ።

“እንግዲህ ማሽን አይደል፤ ይሳሳታል” አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ።

አቶ ድንበሩ የካሜራውን ሽቦ ነቀሉት። ማሽኑ እየተንጣጣ መበየድ ሲጀምር፣ ጭብጨባውን ያስጀመሩት እንግዳው ነበሩ።