የጭብጡ ነገር

ይህች ልጅ ብቻዋን ወጥታ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆን ምን ይውጠኛል? አያቷ የፈራችው ይህንን ነበር። ስለዚህ በሩን ቆልፋ፣ ቁልፉን በመዳፏ ጨብጣ፣ "ጠፋ እኮ፤ ምን ላድርግ?" እያለች በአንድ እጇ ትራሱን ታገላብጥ ነበር። ልጅቷ ቦርሳዋን እንዳነገተች አልጋው ሥር እየፈለገች፣ ዛሬ ክፍል ውስጥ የምታቀርበውን የድሮ አስፈሪ ታሪክ ትለማመዳለች።

"እናትየዋ ጭራቅ እንዳይበላባት ብላ በልጇ ላይ በር ዘጋችበት። ጭራቁ ሳይመጣ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ በሩ ሲከፈት ልጁ ሰው ፈርቶ ጥግ ውስጥ ተሸጎጠ።"

"እንኳን አልተበላ እንጂ፤ ሌላው ምን ችግር አለው?"

"በቁሙ ተበልቷል እኮ፣ እማማ።" ልጅቷ ቀና አለች። "ለመሆኑ ጭብጡ ምንድን ነው?"

አያቷ ደንግጣ እጇን ከኋላዋ ደበቀች። "እኔ ምንም አልጨበጥኩም፣ ልጄ።"

"የታሪኩን ጭብጥ፣ መልእክቱን ነው ያልኩሽ" ብላ ልጅቷ ሳቀች። ወዲያው ግን ሳቋ ቆመ፤ ዓይኗ ከተደበቀው እጅ አልነቀል አለ።

አያቷ እጇን አምጥታ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘረጋች። የቁልፉ ጥርስ መዳፏ ላይ ታትሞ ነበር። "ስትሻገሪ ግራና ቀኝ..." ብላ ሳትጨርስ ተወችው። ልጅቷ ቁልፉን አንስታ በሩን ከፈተች። መልሳ እዚያው መዳፍ ላይ አኖረችውና ወጣች።