ዘንጉ የነካው ጠርዝ

ጠመንጃ ጠጋኙ አባቷ፣ ጠመንጃው ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታበትን ኃይል የሚቀንሰውን ብረት አፈሙዙ ላይ አጥብቆ ሲጨርስ፣ በትክክል መግጠሙን የሚፈትሹበትን ቀጭን ዘንግ በበርሜሉ ውስጥ አሳለፈችና ጫፉ በብረቱ ቀዳዳ ሲወጣ ጎንበስ ብላ አየችው። መሃል ለመሃል መውጣት ሲገባው የቀኙን ጠርዝ ነክቶ ቆመ። በዚያ የሚያልፍ ጥይት ብረቱን ይፈልጠዋል፤ ስባሪው ማን ፊት ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም።

«እህሳ፣ መሃል ነው?» አለ አባቷ። ዘንጉ አፍንጫው ሥር ነበር። ዓይኑ ይህን ያህል መድከሙን እስከዚያች ሰዓት አላወቀችም።

ጠመንጃውን ሊወስድ የመጣው የጥበቃ አለቃ ሳቀ። «ምኑን ታያለሽ ልጄ? እሱ እኮ ጨፍኖም ይገጥማል።»

አባቷም ፈገግ አለ። በሰው ፊት ስህተቱን ነግራው አታውቅም። አለቃው እጁን ወደ ጠመንጃው ሲሰድ ግን ጠመንጃውን አጣብቆ የያዘውን የሞርሳ እጀታ በመዳፏ ያዘች።

«አባባ፣ መሃል አይደለም።»

ሳቁ ተቋረጠ። አባቷ በጥፍሩ ዘንጉን ዙሪያውን ዳሰሰ፤ በግራ በኩል ክፍተት አገኘ፣ በቀኝ በኩል አጣ። መፍቻውን አንሥቶ እጇ ላይ አኖረላት። ከዚያ የጠረጴዛውን ጠርዝ እየዳበሰ ዞረና ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠ።